ሁለቱ ልጆችና የወላጆች ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከየካ በላይ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ በክረምት ወራት ሁለት የዝናም ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ይወድቃሉ እንበል። ወደ ደቡብ ያዘነበለው በቀበና ወንዝ ወርዶ ከአቃቂ ይገባል፤ አቃቂም ለአዋሽ ያስረክበዋል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ በሙገር በኩል ከዐባይ ይገናኛል፤ ሱዳንንና ግብፅንም አጠጥቶ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። ሁለቱም ከአንድ ደመና ወረዱ፤ በአንድ ተራራ ላይ ዐረፉ፤ የለያያቸው በመጀመሪያ ያገኙት ጥቂት ማዘንበል ነው።

በአንድ ቤት የሚያድጉ ሁለት ሕፃናትም ይህን ይመስላሉ። እርግጥ ሰው እንደ ውኃ አይደለም፤ ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ የእግዚአብሔርም ጸጋ የዘመመውን ያቀናል። ነገር ግን ሕፃን ፈቃዱን ለይቶ ሳያውቅ ልቡን ወደ አንድ ወገን የምታዘነብል ነገር አለች። እርስዋም የወላጆች ሚዛን ናት። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን፥ ሁለት ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት ወላጆች ፍቅራቸውን እንዴት ማካፈል እንደሚገባቸው እንመለከታለን።

ቅዱስ መጽሐፍ የደጋጎቹን አባቶች ቤት እንኳ ነውሩን ሸፍኖ አላለፈውም። ይስሐቅ ዔሳውን፥ ርብቃም ያዕቆብን አብልጠው ይወዱ እንደ ነበር በዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ተጽፎአል። የዚያ ፍሬ ምን ሆነ? ወንድም ወንድሙን ለመግደል ዛተ፤ ያዕቆብም ከአባቱ ቤት ተሰዶ በላባ ዘንድ 20 ዓመት ተቀመጠ፤ እናቱ ርብቃ ከዚያ በኋላ ልጅዋን ስለ ማየትዋ መጽሐፍ አይናገርም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ በአድልዎ ምክንያት የተሰደደው ያዕቆብ ራሱ አባት በሆነ ጊዜ ለዮሴፍ ብቻ ያማረ ቀሚስ ማልበሱ ነው። ያም ቀሚስ በደም ተነክሮ ተመለሰለት። በልጅነት የተቀበሉት ቁስል ካልታከመ ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ከዚህ እናስተውላለን።

ይህ የዱሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። የየካ ቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ቀን ወደ መንበሩ ሲመለስ ከእናቶቻቸው ጋር የሚያጅቡትን ሕፃናት ልብ ብለን እንመልከት። አንዱ አዲስ ለብሶአል፤ ሌላው ከታላቁ የወረሰውን ለብሶአል። ኑሮ ቢከብድ ታናሹ የታላቁን ልብስ መልበሱ ነውር አይደለም፤ እናቱ አጥባ፥ ሰፍታ፥ «ይህ ያንተ ነው» ብላ በፍቅር ብታለብሰው እንደ አዲስ ይቈጥረዋል። ልቡን የሚሰብረው የጨርቁ ማርጀት ሳይሆን፥ «ለአንተ ይበቃሃል» የሚለው ቃል ነው።

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ ከቀበና እስከ መገናኛ ባሉት መንደሮች የብዙ ወላጆች ቀን ገና ሳይነጋ ይጀምራል። አባት ለታክሲ ወረፋ ይወጣል፤ እናትም አንዳንዷ ወደ ሥራ፥ አንዳንዷ ወደ ገበያ፥ አንዳንዷም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ለመውረድ ትሄዳለች። በቤት የሰባት ዓመት ልጅና የሁለት ዓመት ሕፃን ይቀራሉ። ታላቂቱ ሴት ልጅ ከሆነች ሳታድግ እናት ትሆናለች፤ ወንድምዋን ታዝላለች፥ ታበላለች፥ ታባብላለች። ሕፃኑ ቢወድቅ የምትገሠጸው እርስዋ ናት፤ ዕቃ ቢሰበር የምትጠየቀው እርስዋ ናት። ብታለቅስ ደግሞ «አንቺ ትልቅ ነሽ» ትባላለች። ወላጆችዋ ጨካኞች አይደሉም፤ ድካም አሸንፎአቸው ነው። ነገር ግን ያች ልጅ ወንድምዋን የምትወደው እንዴት ነው? ልጅነትዋን የወሰደባት እርሱ ይመስላታልና። ታናሹም በበኩሉ፥ ሲያለቅስ ሁሉ ስልክ እየተሰጠው፥ ሲያጠፋ ሌላ ሰው እየተቀጣለት ቢያድግ፥ ጥፋት ዋጋ የሌለው ነገር ይመስለዋል። ስለዚህ የተዛባ ሚዛን የሚጐዳው አንዱን ብቻ አይደለም፤ ሁለቱንም ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሚዛን ግን እንዲህ አይደለም። ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች። አንዳንዶች ይህን የማዕርግ ብልጫ አድርገው ይናገራሉ፤ ትክክል አይደለም። በመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 እንደ ተነገረ አዳም በ40 ቀን፥ ሔዋንም በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ። ቀኑ ቢለያይም የገቡባት ገነት አንዲት ናት። እንዲሁም ሁለቱም ሕፃናት አንዲት የልጅነት ጸጋ ይቀበላሉ፤ በዚያው ዕለት ክቡር ሥጋውንና ቅዱስ ደሙን ይቀበላሉ። ሊቀ ጳጳሱ የሚቀበለውን፥ ገና አንገቱን ያላጸናው ሕፃንም ይቀበላል። ጌታ በመሠዊያው ታላቅና ታናሽ ሳይል ራሱን ከሰጠ፥ እኛ በማዕዳችን ለምን እናበላልጣለን?

«ታናሹ የበለጠ እንክብካቤ ያስፈልገው የለምን?» የሚል ቢኖር፥ አዎን ያስፈልገዋል ብለን እንመልሳለን። ፍቅርን ማስተካከል ማለት ለሁሉ አንድ መስፈሪያ መስፈር ማለት አይደለም፤ ለአራስ ወተት፥ ለጐረመሰው እንጀራ ይሰጣል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያስተማረው ምሳሌ ይህን ይገልጣል። አባትየው የጠፋው ታናሽ ልጁ ሲመለስ ሮጦ ዐቀፈው። ታላቁ ተቈጥቶ በደጅ በቀረ ጊዜም፥ «ይህ ምንም አልጐደለበት» ብሎ አልተወውም፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ለመነው። ብዙ ጊዜ ስለ ታናሹ እንሰብካለን፤ ነገር ግን አባትየው ለሁለቱም ከቤት እንደ ወጣ እናስተውል። ለእያንዳንዱ በቆመበት ስፍራ ወጥቶ ተገናኘው። የወላጅ ሚዛን ይህ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ይህን በቤታችሁ አድርጉ። አንደኛ፥ አንዱን በሌላው አትገሥጹ፤ «እንደ ወንድምሽ ሁኚ» የሚል ቃል ምክር ይመስላል እንጂ የቅናት ዘር ነው። ሁለተኛ፥ ታላቂቱ ብትረዳችሁ ሥራዋን አመስግኑ፤ በየቀኑም ጥቂት ሰዓት ቢሆን ከሸክምዋ አሳርፋችሁ እንደ ልጅ ትጫወት። እናት ሕፃኑን ስታጠባ አባት ታላቂቱን ከጐኑ አስቀምጦ ስለ ውሎዋ ይጠይቃት፤ ይህ የእናት ሥራ ብቻ ነው አይበል። ሦስተኛ፥ ማታ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስባችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ታላቂቱ ትምራ፥ ታናሹም አሜን ይበል፤ ሁለቱም በጸሎቱ የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ይወቁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የክርስቲያን ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ብሎ ያስተማረው እንዲህ ባለው ሥርዓት ይፈጸማል። አራተኛ፥ ወደ ቅዱስ ቁርባን ሁለቱንም አቅርቡ። ሕፃኑን ታቅፋችሁ ስታስቈርቡ ታላቂቱን «አንቺ አድገሻል» ብላችሁ ከደጅ አታስቀሩ፤ ሰባት ዓመት ጾምንና ንስሐን የምትማርበት ዕድሜ እንጂ ከማዕዱ የምትርቅበት ዕድሜ አይደለም።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። የንስሐ ልጆቻችንን ለመጐብኘት፥ ቤቱን ጠበል ለመርጨት ስንገባ ሽማግሌው ይነሣል፥ እናትም ቡና ታፈላለች፤ ሕፃናቱ ግን መስቀል ተሳልመው ወደ ጓዳ ይባረራሉ። እንዲመለሱ እናድርግ፤ እያንዳንዳቸውን በክርስትና ስማቸው ጠርተን እንባርክ። ታላቂቱን «ለአንቺስ ማን ይጸልይልሻል?» ብለን እንጠይቅ፤ በመልስዋ የቤቱን ሚዛን እናውቃለን። ወላጆችንም በሰው ፊት ሳናሳፍር ለብቻቸው እንምከር፤ የደከመ ሰው በተግሣጽ ብቻ አይቀናምና። ሸክማቸው ከአቅም በላይ ሆኖ ያገኘነው እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱንና ጽዋ ማኅበሩን አስተባብረን ልጆቹን በተራ የሚጠብቅ ሰው እንፈልግ።

ልጆች ለጥቂት ዓመታት ብቻ በእጃችን ናቸው። ውኃው ከተራራው ከወረደ በኋላ ወደ ሌላው ሸለቆ መመለስ ከባድ ነው፤ በጫፉ ሳለ ግን ጥቂት አፈር እንኳ ያቀናዋል። ዔሳውና ያዕቆብ እያለቀሱ የተቃቀፉት በእርጅናቸው ዋዜማ ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን ዛሬ በአንድ መሶብ እንዲተቃቀፉ እናድርግ።

አዳምንና ሔዋንን በአንዲት ገነት ያኖረ አምላክ ለቤቶቻችን ቅን ሚዛን፥ ለልጆቻችን የወንድማማችነትን ፍቅር ይስጥልን። የእመቤታችን ጸሎት፥ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።