መንገደኛና ተመልካች

መንገድ የማን ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ አስፋልትና ወደ ድልድይ ነው። የእግር መንገድ ግን ማንም ሳይደክምበት እንደ ሣር ከመሬት የበቀለ ይመስላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ የእግር መንገድ ውሃ ቀጂው፣ ገበያተኛው፣ እረኛውና የጭነት አህያው በብዙ ትውልድ እየተፈራረቁ የደለደሉት የጉልበት ውጤት ነው። የከፈተው ችግር ነው፤ እንዳይጠፋ የጠበቀውም ችግር ነው። እንግዲህ ችግር በከፈተው መንገድ ላይ አገር ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ምን መብት አለው? ምንስ ዕዳ አለበት?

ጥያቄው በአሳብ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ምድር ላይ መመርመሩ ይበጃል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። መኪና ይህን ቁልቁለት በሐረጎ ጠመዝማዛ እየዞረ ሲወርደው እግረኛው በአቋራጭ ይቆርጠዋል። ከጦሳ ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ዞሮ ዞሮ ከዓባይ ይገባል፤ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ደግሞ ከቦርከና ጋር ወደ አዋሽ ያመራል። በደቡብ የማይባር ሐይቅ፣ በሰሜን አርዲቦና ሐይቅ ይገኛሉ። ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በአንከርካህ ወንዝ አድርጎ ወደ ሐይቅ ይፈስሳል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ወደ ቃሉ ሲወረድ ገበሬው ጅረቱን በድንጋይና በአፈር ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል። ከቦዩ ዳር ዳር የሚሄደውን ቀጭን መንገድ ያወጣው የተመልካች እግር ሳይሆን ተራው እንዳያልፈው በሌሊት ውሃ የሚጠብቅ ሰው እግር ነው።

በዚህ ምድር ላይ ለማየት ብቻ ስለሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፣ «እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባለችበት አገር፣ ያለ ጉዳይ ተራራ መውጣት የጠገበ ሰው ቅብጠት ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ «ተራራና ሐይቅ የተፈጥሮ ሀብት ናቸው፤ ውበት ባለቤት የለውም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ይየው» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ይጎድላሉ።

የመጀመሪያው አስተያየት ለድኻው የተቆረቆረ ይምሰል እንጂ ዓይኑን ይነፍገዋል። ችግረኛ ሰው ውበትን አያይም ማለት ነውና። የወሎ ሕዝብ ግን ይህን በዜማው አፍርሶታል። ከአራቱ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተጠሩት በዚሁ በወሎ ምድር ስሞች ነው፤ አንዱ የገበያ ከተማ ነው፣ ሌላው ተራራ። በባቲ የሰኞ ገበያ ከደጋና ከቆላ የሚገናኘው ሕዝብ ለሸቀጥ ሲል ይጓዛል፤ ሲጓዝ ግን ጆሮውንና ዓይኑን ከቤቱ ትቶ አይወጣም።

የሁለተኛው አስተያየት ስሕተት የሚያየው ነገር ከምን እንደተሠራ አለመጠየቁ ነው። ተመልካች ከሩቅ ሆኖ «እንዴት ያምራል!» የሚልለት ደረጃ ደረጃ የሆነ ተረተር ተፈጥሮ ብቻ የሠራው አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከደረሱት ረሃቦች ጋር ተያይዞ የወሎ ገበሬ በምግብ ለሥራ ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ሠርቷል፤ የተራቆቱ ኮረብታዎች ከከብት ተከልለው ችግኝ ተተክሎባቸዋል። በማይባር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጎርፍ ከማሳው የሚወስደው አፈር በጥናት ጣቢያ ሲለካ ቆይቷል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ደግሞ በብዙ ቦታ የተከለለው ዛፍ ተቆረጠ፣ እርከኑም ታረሰ፤ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የተከለለ ቦታ ጠባቂ አላገኘምና። እንግዲህ አንድ ኮረብታ ዛሬ ለምልሞ ከታየ፣ ለምለም እንዲሆን የወሰኑና ግጦሹን የተዉ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሥራቸውን ሳያውቅ ውበቱን ብቻ የሚያደንቅ ሰው ደመወዝ ሳይከፍል ምርት እንደሚሰበስብ ይቆጠራል።

ይሁንና መንገደኛ በዚህ አገር ባሕል መብት የሌለው ሰው አይደለም። የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ቢል ያድራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። የዚህ መብት መሠረት ችግር ነው። መንገደኛው ያለ መጠለያ ቀርቷል፤ ነገ ደግሞ ባለቤቱ በተራው በሌላው ደጅ ይቆማል። አገር ለማየት የሚሄደው ሰው ግን መሸበት ቢባል እንኳ በፈቃዱ ነው፤ ብድሩንም በዚያው መንገድ አይመልስም። ታዲያ የእርሱ ብድር በምን ይመለሳል?

መልሱን በራሱ በወሎ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ሲጠና ሕዝቡ ቀዬውን እየለቀቀ በእግሩ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ግራና ቀኙ በረሃብተኛ ተሞላ። ሰዎቹ ከመንገድ ዳር የተቀመጡት አላፊ አግዳሚው እንዲያያቸው ነበር። ከመኪና መስኮት ያያቸው ሰው ብዙ ነው፤ መንግሥት ግን ዝም አለ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ለተማሪው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ የተሸሸገውም ተገለጠ። በመስኮት ያለፈውም፣ ወርዶ የቀረበውም ያዩት አንድ ነገር ነው። የሚለያዩት አንደኛው ባየው ነገር ተጠያቂ ለመሆን በመፍቀዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲደርስም በዚያው ጎዳና ብዙ ሕዝብ ተሰዷል።

እንግዲህ የተመልካች ዕዳ ምስክርነት ነው። በእግር መሄድ ከሌላው ጉዞ የሚበልጠውም በዚህ ነው። እግረኛ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሰላምታ መስጠትና የሚጠየቀውን መመለስ ግድ ይሆንበታል። ቦዩ የደረቀ እንደሆነ ያያል፤ የወንዙ ውሃ ከከተማ በላይና ከከተማ በታች መልኩ እንደሚለያይ ያያል፤ የተናደውን እርከን ይረግጣል። ይህን አይቶ ስለ ንጹሕ አየር ብቻ የሚያወራ ሰው የሐሰት ምስክር ነው።

ምስክርነት ብቻውን እንጀራ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህ ዕዳው በሥርዓትም ሊከፈል ይገባል። በሰሜን ወሎ በመቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በየአምባቸው የእንግዳ ጎጆ ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ሲያስተናግዱ፣ ገቢው ለራሳቸው ማኅበር ይውል ነበር። በጦሳ፣ በማይባርና በአርዲቦ ዙሪያም የእግር ጉዞ መሥመር ይበጅ ከተባለ፣ በየት ማለፍ እንደሚገባው አስቀድሞ መናገር ያለባቸው የማሳው ባለቤት፣ ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባትና ኮረብታውን የከለለው ማኅበር ናቸው። መንገዱ በማሳው ድንበር እንጂ በቡቃያው ላይ አይሂድ፤ እንግዳውም ከእርከኑ ያፈረሰውን ድንጋይ መልሶ ይካብ።

መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ቦርከናን ከምንጩ እስከ ኮምቦልቻ በእግር ቢከተል፣ ሠዓሊው ተረተሩን ከመሣሉ በፊት እርከኑን ከሠራው ገበሬ ጋር ተቀምጦ ቢጨዋወት፣ የአስተዳደር ሠራተኛው ስለ ቀበሌው የሚጽፈውን ሪፖርት ከመኪናው ወርዶ ቢጀምረው፣ የእግር መንገዱ ለሁሉም ይበቃል። የሚጠይቃቸውም ያዩትን ደብቀው እንዳይመለሱ ብቻ ነው።