የአንዲት አምፖል ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ነው። «ደግሞ አውሮፕላንን ከሰንበት ትምህርት ቤት ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ጥቂት ታገሡን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 29 ቀን 1972፣ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ የኢስተርን አየር መንገድ የሆነ ትራይስታር አውሮፕላን 176 ሰዎች ይዞ ከኒው ዮርክ ወደ ማያሚ በረረ። ለማረፍ ሲቃረብ አብራሪዎቹ ጎማዎቹን አወረዱ። ጎማ በሚገባ ወርዶ መቆለፉ የሚታወቀው በፊታቸው በሚበራ አረንጓዴ መብራት ነው። የአፍንጫው ጎማ መብራት ግን ሳይበራ ቀረ። ጎማው አልወረደ ይሆን ወይስ የተበላሸው መብራቱ ነው? ይህ ሳይጣራ ማረፍ ስለማይገባ ዋናው አብራሪ ለመቆጣጠሪያው ማማ አስታወቀና ወደ 2,000 ጫማ፣ 600 ሜትር ያህል መሆኑ ነው፣ ከፍ ብሎ ዞረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን አውሮፕላኑን ለኦቶፓይለት ሰጥተው ሁሉም ወደ አምፖሏ ዞሩ። ረዳት አብራሪው የመብራቱን ማቀፊያ ነቅሎ መልሶ ሊገጥም ሲል ተቀረቀረበት። የበረራ መሐንዲሱ ጎማውን በዓይኑ እንዲያይ ከወለሉ በታች ወዳለው ጠባብ ክፍል ተላከ። አብሮ ይጓዝ የነበረ የጥገና ባለሙያም ተከተለው። በዚህ መካከል፣ መርማሪዎች እንደገመቱት፣ መሪው ሳይታሰብ ተገፋና ከፍታ የሚጠብቀው መሣሪያ ተላቀቀ። አውሮፕላኑ ሰውነት በማይሰማው አወራረድ፣ ቀስ እያለ፣ ዝቅ ማለት ጀመረ። ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ከሥር መብራት የሌለበት ረግረግ። ከፍታው መቀነሱን የሚያስታውቀው ደወል ጮኸ፤ ልብ ያለው የለም። በራዳር የሚከታተላቸው ሰው 900 ጫማ የሚል ቁጥር ሲያይ ነገሩ እንዴት እየሆነላቸው እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ከፍታውን ግን አላነሣባቸውም። ደኅና ነን ብለው ለመመለስ ፈቃድ ጠየቁ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ አውሮፕላኑ ኤቨርግሌድስ በተባለው ረግረግ ተከሰከሰ። 101 ሰዎች ሞቱ፤ 75 ተረፉ።

የአፍንጫው ጎማ በትክክል ወርዶ ነበር። የተቃጠለው አምፖሉ ነው።

የእነርሱ ልደት ካለፈ ገና አራት ቀኑ ነበርና፣ ከአስተናጋጆቹ የተረፉት በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ነዳጅ በተቀላቀለበት ውኃ መካከል ሆነው፣ ቁስለኞቹ ተስፋ እንዳይቆርጡ የልደት መዝሙር ያዘምሩ ነበር። ይህን ስናነብ መዝሙር ጥናት ላይ ስንት ጊዜ እንደምናኮርፍ ትዝ አለን።

ስድስት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በእኛ ታኅሣሥ 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ በፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ ሌላ አውሮፕላን እንዲሁ በጎማ መብራት ምክንያት አንድ ሰዓት ያህል ሲዞር ነዳጁ አልቆ ወደቀ። ከ189 ሰዎች 10 ሞቱ። እዚያ ደግሞ ነዳጁ ማነሱን የሚያውቁ የበረራ ባልደረቦች ነበሩ፤ ለአለቃቸው የተናገሩት ግን በለሆሳስ ነው። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ታናሹ ለታላቁ በግልጽ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። እኛ ታላቅ ፊት ዝም ማለትን ትሕትና እንለዋለን። ትሕትና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው።

እነዚያ አብራሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። መብራቱን ማጣራት ሥራቸው ነበር፤ ጥፋቱ አውሮፕላኑን የሚያበር ሰው መታጣቱ ነው። ማርታም ስታገለግል ኃጢአት አልሠራችም። እንግዳው ጌታ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ መብላት አለበት። ነገር ግን ጓዳዋ ውስጥ ሆና ለማን እንደምትደክም ዘነጋች። እኛን የሚጥለን ሁልጊዜ ክፉ ሥራ አይደለም፤ መልካሙም ሥራ ዓይናችንን ሙሉ በሙሉ ሲወስደው ይጥለናል።

ይህን የምንጽፈው ለሌላ ሰው አይደለም። ከጥምቀት በፊት ሦስት እሑድ ሙሉ የመዘምራን ልብስ ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ ስንል ተከራክረናል። ድምፅ ተሰጠ፤ ተሻረ፤ እንደገና ተሰጠ። በሁለተኛው እሑድ ከታናናሾቻችን አንዷ እጇን አውጥታ «ወንድማችን ከበሮ መቺው ሰሞኑን አይታይም፤ ደኅና ነው?» አለች። ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለች። አንዳንዶቻችንም ሳቅን። እርሷም ተቀመጠች።

እናቱ ታመው አልጋ ከያዙ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። እርሱም ትምህርቱን አቋርጦ ቀን ቀን የጉልበት ሥራ ይሠራል፤ ሌሊት ያስታምማል። ይህን ያወቅነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። አብረን ለመሄድ እንኳ እየተፈራራን ሌላ ሁለት ሳምንት አሳለፍን፤ በመጨረሻ አምስት ሆነን፣ ያችን ታናሽ እኅታችንን ከፊት አስቀድመን፣ ከቤቱ ደረስን። እናቱ ከተኙበት ቀና ብለው መረቁን። እርሱ ቡና አፈላልን። ወቀሳ ስንጠብቅ አንድም ቃል አልወጣውም። ሁለተኛውን ስኒ ሲያቀርብልን ግን ጥለቱ በመጨረሻ ምን ቀለም እንደሆነ ጠየቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።