«በምን?» ከሚለው ጥያቄ በፊት



ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። አንድ ምሽት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በአሮጌው ኮምፒዩተሬ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። በመስተዋቱ ላይ መሣሪያ የጨበጠ እጅ ይታያል፤ ከወዲያ የሚመጡ ጭራቆችም በተኩስ እየተመቱ ይወድቃሉ። «ልጄ፥ መግደልም ጨዋታ ሆነ እንዴ?» ብዬ ተቈጣሁት። እርሱም በትሕትና፥ «አባ፥ ዝም ብሎ መተኮስ እኮ አይደለም። የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚያነሡ ካላሰቡበት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይቆዩም። እስቲ ቁጭ ብለው ይመልከቱት» አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። በሚቀጥሉትም ሁለት ምሽቶች እንዲሁ አብሬው ተቀመጥሁ። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ሦስት ምሽቶች ፍሬ ነው።

ብዙዎቻችን ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ስንነጋገር የምናነሣው ጥያቄ «ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውይይቱን ከመጀመሩ በፊት ይዘጋዋል። እኔ የልጁን መልስ መነሻ በማድረግ ሌላ ጥያቄ ላንሣ፤ ይኸውም፥ ግቡን ሳይመረምር መሣሪያውን ብቻ በጥንቃቄ የሚመርጥ ሰው አስተዋይ ሊባል ይችላልን?

የመሣሪያው ብዛትና የአመራረጡ ዘዴ

ጨዋታው «ዱም» ይባላል። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው አይዲ ሶፍትዌር የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ያወጣው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ክፍል በነፃ እንዲባዛ ስለ ተፈቀደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዓለም ዙሪያ ተዳረሰ። በ1997 መጨረሻ ደግሞ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሕዝብ ስለ ተለቀቀ፥ ብዙ ባለሙያዎች ከየመሣሪያው ጋር አስማሙት፤ ዛሬም በአሮጌ ኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ሳይቀር ይሠራል። ተጫዋቹ ሁሉን በገዛ ዐይኑ የሚያይ መስሎ ይንቀሳቀሳል፤ አጋንንት በወረሩት ጣቢያ ውስጥ አልፎ መውጫውን ማግኘትም ሥራው ነው።

ይኸው ድርጅት በ1992 ባወጣው «ዎልፈንስታይን ሥሪ ዲ» በተባለው ጨዋታ መሣሪያዎቹ እንደ መሰላል የተደረደሩ ነበሩ። ጩቤ፣ ሽጉጥና ሁለት ፈጣን ተኳሾች ነበሩ፤ ሦስቱ ተኳሾች የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ጥይት ሲሆን ልዩነታቸው በፍጥነት ነበር። ስለዚህ የበለጠውን ያገኘ ተጫዋች ወደ ቀድሞው የሚመለስበት ምክንያት እምብዛም አልነበረውም። «ዱም» ይህን ሥርዓት ለወጠው። በእርሱ ዘንድ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጠባይ አለው። ሾትገን በአንድ ተኩስ 7 ፍንጣሪዎችን ይበትናል፤ ከቅርብ ከሆነ አብዛኞቹ አንዱን ይመታሉ፥ ከሩቅ ከሆነ ግን ይባክናሉ። መትረየስ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከሽጉጡ ጋር የሚጋራውን ጥይት ቶሎ ይጨርሳል። የሞተር መጋዝ ጥይት አይፈልግም፤ ግን ከጠላት ጋር ፊት ለፊት መግጠምን ይጠይቃል። ሮኬት እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ፍንዳታው ግን ወዳጅና ጠላት ስለማይለይ፥ ከቅርብ ግድግዳ ላይ የተኮሰውን ሰው ራሱን ይገድለዋል። የሁሉም አለቃ የሆነው «ቢ.ኤፍ.ጂ. 9000» ደግሞ አንድ ጊዜ በተተኮሰ ቍጥር 40 የኃይል ሴል ይበላል። መሸከም የሚቻለውም የተወሰነ ነው፤ ቦርሳ እስኪገኝ ድረስ ጥይት ከ200፣ የሾትገን ቀለህ ከ50፣ ሮኬት ከ50፣ ሴል ከ300 አይበልጥም።

ዘዴውም ከዚሁ ይመነጫል። የተኩስ ድምፅ በአካባቢው ያሉትን ጠላቶች ስለሚቀሰቅስ፥ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ዘሎ ከመግባት በበር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ መቀበል ይሻላል። የአንዱ ጭራቅ ምት ሌላውን ዓይነት ጭራቅ ካገኘው ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች በመካከላቸው እየተሽሎከሎከ ያጣላቸውና ጥይቱን ይቈጥባል። በ1996 በወጣው «ኩዌክ» በተባለው ጨዋታ ደግሞ መብረቅ የሚተፋ መሣሪያ አለ፤ ይህን መሣሪያ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚተኩስ ሰው ያለው የኃይል ክምችት በአንድ ጊዜ ይፈነዳና ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ራሱ ነው።

ብልህና ብልጥ

የእኅቴ ልጅ እውነቱን ነው፤ በዚህ ውስጥ ማሰብ አለ። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ የአስተዋይነት ሥራ ሦስት መሆኑን ያስተምራል፤ መማከር፣ መፍረድና የተፈረደውን በተግባር ማዋል። ልጁ በአንዲት ቅጽበት ሦስቱንም ያደርጋል። ክፍሉን ይቃኛል፤ ርቀቱን፣ የጠላቱን ብዛትና የቀረውን ጥይት ይመዝናል፤ ይወስናል፤ ይፈጽማል። ከዚህም በላይ ለሕይወት የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን ሳያውቀው ይማራል። ከሁሉ የሚበረታው መሣሪያ ሁልጊዜ ከሁሉ የሚሻለው አለመሆኑን፣ ያለ ልክ የተወነጨፈ ኃይል ወደ ወንጫፊው እንደሚመለስ፣ ዛሬ በከንቱ የባከነው ነገ እንደሚታጣ። ይህን የማይማሩ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ አንድ ልዩነት አስተምሮናል። ወደ ታሰበው ግብ የሚያደርሰውን መንገድ ፈጥኖ የማግኘት ችሎታ አንድ ነገር ነው፤ አስተዋይነት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ለመልካምም ለክፉም ያገለግላል፤ ሁለተኛው ግን ግቡ ራሱ መልካም ካልሆነ አይኖርም። ቅዱስ ቶማስም ይህን ሲያብራራ፥ ለዝርፊያው የሚመቸውን ዘዴ የሚያውቅ ወንበዴ በሥራው «ጎበዝ» ሊባል ቢችልም፥ ያለው አስተዋይነት ግን ሐሰተኛ መሆኑን ይናገራል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። ብልህና ብልጥ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንድን ሰው «ብልጣ ብልጥ» ስንለው ማመስገናችን አይደለም።

በጨዋታው ውስጥ ግቡን የወሰነው ተጫዋቹ አይደለም። ጭራቁ አይናገርም፤ እጁን አይሰጥም፤ ቆስሎም ምሕረት አይለምንም፤ ከነቃ ለመግደል ብቻ ይመጣል። ስለዚህ «ልተኩስን?» የሚለው ጥያቄ እንዳይነሣ ሆኖ ተሠርቷል፤ የቀረው «በምን ልተኩስ?» የሚለው ብቻ ነው። ቅዱስ ቶማስ ራስን ስለ መከላከል ሲጽፍ፥ ሕይወቱን ለማዳን የሚከላከል ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ቢጠቀም ድርጊቱ የተፈቀደ መሆኑ ይቀራል ይላል። ሾትገን ለሚበቃው ጠላት ሮኬት የማያወጣ ተጫዋችም ይህን ሕግ የሚጠብቅ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የሚቈጥበው ጥይቱን እንጂ ጠላቱን አይደለም። በውጭ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ልከኝነቶች በውስጥ እንዲህ ይራራቃሉ።

ክፍሉ ሲያልቅም የሚቀርበው ሒሳብ ይህንኑ ያጸናል። ከጠላቶች በመቶ ስንቱ እንደ ተገደሉ፣ ከዕቃዎች ስንቱ እንደ ተሰበሰቡ፣ ከስውር ቦታዎች ስንቱ እንደ ተገኙ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ ይቈጠራል። ሳይገደል የታለፈ ጠላት በሒሳቡ ላይ የሚታየው እንደ ጕድለት ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«ጭራቅ እኮ ነው፤ ሥዕል ነው፤ በሰንጠረዥ ጨዋታ ወታደር የበላ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላልን?» የሚል ሰው ቢኖር ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። እኔም ነፍስ ግድያ ነው አላልሁም። በ1999 በአሜሪካ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ የፈጸሙት ሁለት ወጣቶች «ዱም» ይጫወቱ እንደ ነበር በመታወቁ ብዙዎች ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አደረጉ። ነገር ግን ይህን ጨዋታ የተጫወቱ እጅግ ብዙ ሰዎች ማንንም ሳይጐዱ ኖረዋል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበርም በ2020 ባወጣው መግለጫ፥ የአመፅ ወንጀልን በእነዚህ ጨዋታዎች ማመካኘት ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስጠንቅቋል። ስለዚህ «ልጄ ነገ ጠመንጃ ያነሣል» ብሎ መደንገጥ አይገባም።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። በ1996 የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር «ዱም 2»ን ለራሱ ሥልጠና አሻሽሎ ነበር። ጭራቆቹ በሰው ወታደሮች ምስል ተተኩ፤ መሣሪያዎቹም ወታደሮቹ በእውን ከሚይዟቸው ጋር እንዲመሳሰሉ ተደረጉ፤ አራት ሰዎች በአንድ ቡድን ሆነው ይጫወቱ ነበር። የተፈለገው ዒላማ ማስተማር ሳይሆን ፈጥኖ መወሰንንና መተባበርን ማለማመድ ነበር። ወታደር መቼ መተኮስ እንደሌለበት በሌላ ቦታ፥ በሕግና በኅሊና ይማራልና ስለዚህ አልፈርድም። የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጭራቁ ሰው ሲሆን የተለወጠው ሥዕሉ ነው፤ «በምን?» የሚለው አሳብ ግን እንዳለ ተሻገረ። ይህ ዓይነቱ አሳብ ለቀረበለት ግብ ሁሉ ያገለግላል፤ ግቡን ግን ራሱ አይጠይቅም።

የእኔው መሣሪያ

በሁለተኛው ምሽት ልጁ መሣሪያ እየቀያየረ፥ «ለዚህኛው ይሄ ይበቃዋል» ሲል ሰማሁት። ቃሉ በልቤ ቀረ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በቁምስናችን ስለ አንድ የግንባታ ሥራ ስብሰባ ነበረን፤ አንድ ሽማግሌም አሳቡን እንደሚቃወሙ አውቄ ነበር። በዋዜማው ቁጭ ብዬ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ለእርሳቸው፥ ቀድሞ የተሳሳቱበትን ነገር ማስታወስ። ለሌላው፥ ለስላሳ ምስጋና። ለወጣቶቹ፥ ቀልድ። ለዚህኛው ይህ፥ ለዚያኛው ያ ይበቃዋል። ስብሰባው እንዳሰብሁት ተፈጸመ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ አይናገሩም ነበር።

በእጄ ጠመንጃ አልነበረም፤ የነበረው ቃል ነው። ያን ሁሉ ስመርጥ አንድ ጊዜ እንኳ «ሰውየው የሚሉት እውነት ቢሆንስ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ተቃዋሚ ስለ ሆኑብኝ ብቻ፥ መታለፍ ያለባቸው መሰናክል አድርጌ ቈጠርኋቸው። ልጁን በተቈጣሁበት አንደበት እኔ ራሴ ሰው ያቈሰልሁ መሆኔን ሳስብ አፈርሁ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የተቃወሙበትንም ምክንያት በሙሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ውድ አንባብያን፥ በባልና በሚስት መካከል፣ በሥራ ቦታ፣ በዕድርና በማኅበር እንዲህ ያለ ተኩስ ስንት ጊዜ ይደረጋል? ይህን ልማድ ያመጣው ጨዋታው አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በእኛ ውስጥ ነበረ። ጨዋታው ያደረገው ግልጽ አድርጎ ማሳየት ነው።

ሳይተኩሱ የሚያልፉ

በሦስተኛው ምሽት ልጁ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። አንዲት ጭራቅ እንኳ ሳይጐዱ ክፍሉን ጨርሰው ለመውጣት የሚወዳደሩ ተጫዋቾች አሉ፤ «ፓሲፊስት» ይባላሉ፥ ማለትም ሰላማውያን። ጨዋታቸውንም ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እየቀዱ ያስቀምጣሉ። ጥቂት ክፍሎች ካልሆኑ በቀር መውጫው በሩ ላይ መድረስን እንጂ መግደልን አይጠይቅምና ይህ የሚቻል ነው። ክፍሉ ያው ነው፤ ጭራቁም ያው ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ግን ይጠብቃሉ፤ ያዘናጋሉ፤ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋሉ፤ የእያንዳንዱን ጠላት እርምጃ ከሚተኩሰው ሰው ይልቅ አጥብቀው ያጠናሉ። ጨዋታው በመጨረሻ በግድያ ረገድ ባዶ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱ ግን ያንን ባዶ እንደ ድል ይቈጥሩታል።

ይህ የሚያስተምረን፥ ጥያቄው እንዳይነሣ በተዘጋበት ስፍራ እንኳ ሰው ሊያነሣው እንደሚችል ነው። «ልተኩስን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያስብም።

ስለሆነም ወላጆችንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን የምመክረው ይህን ነው። እነዚህ ጨዋታዎች ደም የሚታይባቸው ስለ ሆኑ ለሕፃናት አይሰጡ። ከፍ ያለውን ልጅ ግን ከመገሠጻችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። በመጀመሪያ «ይህን መሣሪያ ለምን መረጥህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ማሰቡንም አክብሩለት። ቀጥላችሁ «ሳትተኩስ ማለፍ ትችል ነበርን?» በሉት። በመጨረሻም ከጓደኛው ጋር በተጣላ ቀን ሁለቱን ጥያቄዎች መልሳችሁ አንሡለት፤ በዚያን ጊዜ ግን ቅደም ተከተላቸውን ለውጡ። የምትጠይቁትን እናንተ ራሳችሁ እንደምታደርጉት ካላየ ግን አይሰማችሁም።

ልጁ ከመሄዱ በፊት የመጀመሪያውን ክፍል ሳይተኩስ ለማለፍ ሞከረ። ደጋግሞ ሞተ። «አባ፥ ይኼኛው ይከብዳል» አለኝ። እኔም ሽማግሌውን አስቤ፥ «አዎን ልጄ፤ ይከብዳል» አልሁት።

አምላክ ለሁላችንም ማስተዋልን ይስጠን።