የሾላው ሕይወት ከወዴት ነው?

ታላቅን ዛፍ ታላቅ የሚያደርገው ዕድሜው ነውን፣ ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ታናሹ ልጄ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት ቤተ ሰቤን ከምንኖርባት ከላንቴ ይዤ በአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ ወዳለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ደን በገባን ጊዜ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊከቡት ያልቻሉትን የሾላ ግንድ አሻቅቦ አይቶ፣ «አባዬ፣ ይህን ማን ተከለው?» አለኝ። እናቴ ቀድማኝ፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን የሚተክል እግዚአብሔር ነው፤ ዘኬዎስም ጌታን ሊያይ የወጣው ሾላ ላይ ነው» አለችው።

የእናቴን ቃል አልተጠራጠርሁም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ሥራውን በምክንያት ይሠራልና ምክንያቱን ልመረምር ወደድሁ። በግንዱ ላይ ዘለላ ሆኖ ከተንጠለጠለው ፍሬ አንዱን ሰንጥቄ ባየው፣ ውስጡ በደቃቅ አበባ ተሞልቶ፣ በአበባውም መካከል ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ተርብ ይርመሰመስ ነበር፤ ያለዚህች ፍጥረት ሾላ ዘር አያፈራም፣ የበሰለውንም ፍሬ ጦጣና ወፍ በልተው ዘሩን ይበትናሉ። ተካዩ በዚህ ታወቀ፤ ዕድሜው ግን ተሰወረ። ከ80 ሜትር በላይ የሚረዝመው የካሊፎርኒያ ሴኮያ የብርድና የሙቀት ወራት ሲፈራረቁ በግንዱ ውስጥ የሚቀረው ቀለበት ተቈጥሮ ከ3,000 ዓመት በላይ መኖሩ ተመስክሮለታል፤ የብርድ ወራት በሌለበት ቆላ የሚያድገው ሾላ ግን እንዲህ ያለ ግልጥ ምልክት ስለማይተው፣ ግዝፈቱን አይቶ ሽማግሌ ነው ማለት ግምት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ዕድሜን ትቼ ዝናምን ጠየቅሁ። የግዝፈቱ ምክንያት ዝናም ቢሆን ኖሮ፣ ከደኑ ጥቂት ራቅ ሲሉ ያለው ምድር፣ ያው ሰማይ እየዘነበለት፣ ስለ ምን በግራርና በቍጥቋጦ ብቻ ተሸፈነ? እንኪያስ ምክንያቱ ከምድር በታች ነው፤ ለከተማይቱ ስም የሆኑት ምንጮች ከገደሉ ግርጌ ይፈልቃሉ፣ ሾላውም ሥሩን የሚሰደው ወደዚያ ውሃ ነው። ውሃውስ ከወዴት መጣ? በጨንቻና በጉጌ ደጋ የዘነበው ወደ ምድር ሰርጎ፣ ቍልቍል ተጕዞ፣ በቆላው ይወጣል።

እዚህ ስደርስ ከፊተኛው ጥያቄ የጠነከረ ሥጋት ያዘኝ። ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ተመሥርቶ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተከልሎለታል፤ ወሰኑ ግን ግንዱን ይከልላል እንጂ ውሃው የሚነሣበትን ዳገት አይደርስበትም። ማገዶ ተሸክማ ከደኑ የምትወጣውን ሴት የሚይዝ ስካውት አለ፤ የደጋው ዳገት ሲራቈትና ዝናሙ ሳይሰርግ በጎርፍ ሲያልፍ ግን ማንን እንያዝ? ማንም ቅርንጫፍ ሳይቈርጥበት ሾላው ከሥሩ ሊደርቅ ይችላል፤ እኛም በላንቴ ሙዛችንን የምናጠጣው ከዚያው ደጋ በሚወርድ ውሃ ነው።

ስለዚህ ፓርኩን የምታስተዳድሩ ሆይ፣ ጥበቃችሁን ከጨንቻ ጀምሩ፤ የጋሞ አባቶች መጥረቢያ እንዳይነካቸው ያከበሯቸውን የደጋ ደኖች ከነጭ ሣር ሾላዎች ጋር በአንድ መዝገብ ጻፏቸው።