ኃጢአት የሌለበት ዕዳ

አንድ ሰው ሳይፈልገውና ሳያስበው በሌላው ሕይወት ወይም አካል ላይ ላደረሰው ጉዳት ምን ያህል ተጠያቂ ነው የሚለው ጥያቄ መኪና ከመፈጠሩ አስቀድሞ የነበረ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ በሚያልፍበት በአዊ ዞን ግን ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤትና ለቅሶ ቤት ድረስ የሚገባ የዕለት ጉዳይ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ጉም በሚለብሰው በዚህ ደጋ ከፋግታ ለኮማ ከሰል የጫነ አይሱዙ፣ ከቻግኒ መንገድ የሚመጣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪና ከገበያ የሚመለስ እግረኛ አንዱን አስፋልት ይጋሩታል። አደጋ ሲደርስ በአንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዱ «እግዜር ያመጣው ነው» ሲል ሌላው «ሹፌሩ ነው የገደለው» ይላል። ሁለቱ አባባሎች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አልተጣሉም፤ የመጀመሪያው ስለ መለኮት ፈቃድ፣ ሁለተኛው ስለ ሰው ሥራ ይናገራልና። ችግር የሚፈጠረው አንዱ ለሌላው መልስ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ስለ ሰው ሥራ የሚናገረው ክርክር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይይዛል፤ እነርሱም በደለኛነትና ባለዕዳነት ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ላይ ማንም ሰው ካላሰበ ወይም ቸልተኛ ካልሆነ በቀር በወንጀል እንደማይቀጣ ይደነግጋል፤ ቸልተኝነት ማለትም ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ አይደርስም ብሎ መዳፈር፣ ወይም ማወቅ ሲገባና ሲቻል አለማወቅ ነው። ይህ የልብ ሁኔታ ነው፤ ነገር ግን የልብን ሁኔታ የሚመሰክሩት ግዑዛን ናቸው። የትራፊክ ፖሊሱ በሜትር የሚለካው የጎማ መጎተት ምልክት፣ የመስታወቱ ስብርባሪ የወደቀበት ቦታ፣ ተሽከርካሪው ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ርቀት፣ በጥቅሉ «ፕላን» ተብሎ በሚጠራው ንድፍ ላይ ይሰፍሩና ከወራት በኋላ ስለ አንድ ሰው ጥንቃቄ ወይም ድፍረት እንዲናገሩ ይጠየቃሉ። አንድ ዶፍ ዝናብ ምልክቱን ካጠበው የሹፌሩ ልብ ምስክር አጣ ማለት ነው፤ በደልን በሰው ፊት ማረጋገጥ ይህን ያህል በአጋጣሚ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ድካም የተረዳ ይመስላል። ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው ሲያሽከረክረው የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ ጥፋት አለመሥራቱን፣ የጉዳቱ ምክንያት አለመታወቁን ወይም ሊከላከለው ያልቻለው መሆኑን በማስረዳት ከኃላፊነት እንደማይድን ይገልጻል፤ የሚያድነው፣ በሙሉም ሆነ በከፊል፣ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። እንግዲህ «ጉም ነበር» የሚለው መከላከያ ሹፌሩን በወንጀል ችሎት ነፃ ሊያወጣው ቢችልም ባለመኪናውን ከካሳ አያወጣውም፤ በቁጥር 2149 መሠረትም የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ነፃ የማለት ውሳኔ አይታሰርም። ይህ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት ይባላል። ብዙ ሰው ግን ካሳን እንደ ቅጣት ስለሚያይ «ያላጠፋ ለምን ይከፍላል?» ብሎ ይቆጣል።

በደለኛነትንና ባለዕዳነትን መለየት ግን በጥንቱ ሕግም ያለ ነው። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ሰው ወግቶ የሚገድል በሬ ራሱ እንዲወገር፣ ባለቤቱ ግን ነፃ እንዲሆን አዝዞ፣ በሬው ተዋጊነቱ የታወቀ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ያላሰረው እንደሆነ ግን ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ መጥረቢያው ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ለገደለበት ሰው መማጸኛ ከተማ ይሰጠዋል፤ ይህም ማለት በነፍሰ ገዳይነት አይሞትም፣ ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ ወደ ቤቱም አይመለስም። በዞኑ በሚኖሩ ሙስሊሞች ዘንድም ይኸው መለያየት አለ፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ በቁጥር 92 በስሕተት ለተገደለ አማኝ ዲያ፣ ማለትም ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ የደም ካሳ እንዲከፈል ሲያዝዝ፣ ቤተሰቡ ሊምረው እንደሚችልም ይጨምራል፤ ከዚያ ተለይቶ ደግሞ በአድራጊውና በፈጣሪው መካከል የሚፈጸም ማካካሻ ያስቀምጣል። ለሰው የሚከፈለውና ለፈጣሪ የሚቀርበው ሁለት መዝገብ ናቸው።

ፈረስ በሚከበርበት በዚህ በአገው ምድር ሌላ ማነጻጸሪያም ከዚያው ከ1952ቱ ሕግ ይገኛል። በቁጥር 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት በራሱ ወይም እርሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ካልሆነ በቀር እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኃላፊነት መዳን ይችላል፤ ለመኪና ባለቤት ግን እንዲህ ያለ መውጫ አልተሰጠም። ፈረስ የራሱ ፈቃድ ያለው ፍጡር ስለሆነ ጥፋቱ በከፊል የራሱ ተደርጎ ሊቆጠር ይችል ይሆናል፤ መኪና ግን ፈቃድ የለውም፣ መንገድ ላይ ያወጣው የሰው ፈቃድና የሰው ጥቅም ብቻ ነው። በአደገኛ ነገር የሚጠቀም የአደጋውንም ሸክም ይወስዳል የሚለው ሐሳብ ከበደል ፍርድ ይልቅ ለፍትሕ የቀረበ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ማስገደዱ (ሦስተኛ ወገን የሚባለው ከመድን ሰጪውና ከመድን ገቢው ውጭ ያለው ተጎጂ ነው) ዕዳውን ምንም ወዳላደረጉ ብዙ ባለመኪኖች ያከፋፍለዋል፤ ካሳ ቅጣት ቢሆን ኖሮ ይህ ግፍ በሆነ ነበር።

የሹፌሩ ነፍስስ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያለ አንዳች ጥፋቱ ሕፃን ቢገጭ የሚሰማው ጸጸት ከተመልካች ሐዘን የተለየ መሆኑን፣ ቶሎ የሚጽናና ሹፌርም ሰዎችን እንደሚያጠራጥር አመልክቷል። ለዚህ የዳንግላ ሽማግሌ ፈላስፋ አያሻውም። በእርቅ ቀን የሹፌሩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም የሚታየው ነገር የበደል ኑዛዜ ብቻ አይደለም፤ «እጃችን አለበት» የሚል ነው እንጂ «ፈልገን ነበር» የሚል አይደለም።

የእርቁ ድክመት ሁለቱን መዝገቦች በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት መዝጋቱ ነው። ቤተሰቡ ለቅሶ ላይ እያለ የቀብርና የተዝካር ወጪ ይሰጠውና «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» በሚል ጽሑፍ ላይ ይፈርማል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ዘንድ በአግባቡ የተደረገ የግልግል ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፣ በቁጥር 2095 መሠረት ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ የሚገባው የመተዳደሪያ ካሳ አብሮ ሊቀር ይችላል። ይቅር ያለው አዋቂው ነው፤ የተወው ግን የልጆቹን እንጀራ ነው። ይቅርታ የራስን ቂም መተው እንጂ የሌላውን ድርሻ መስጠት ስላልሆነ፣ ሽማግሌዎች ሰላሙን ዛሬ አውርደው የገንዘቡን ሒሳብ ለዳኛ ወይም ለመድን ቢተዉት ከእርቁ የሚጎድል ነገር አይኖርም፤ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት አንሥቶ በመርሕ ሁለት ዓመት ነውና። ሐዘንን በገንዘብ መተመን ነውር ነው ለሚሉትም ሕጉ ራሱ ይመልስላቸዋል፤ የኅሊና ጉዳት ካሳን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰነው ሐዘንን እንደማይገዛ ስላወቀ ሊሆን ይችላል፣ ምንም እንኳ ያ ገንዘብ ዛሬ የአንድ ቀን ለቀስተኛ የማያስተናግድ ቢሆንም።

ከሁሉ የሚከብደው የተጎጂው ጥፋት ነው። ቁጥር 2030 አንድ ሰው ማጥፋቱ ሲመዘን፣ ሕግ በሌላ አኳኋን ካልደነገገ በቀር፣ ዕድሜውና የአእምሮው ሁኔታ እንዳይታይ ያዝዛል። ቃሉ እንደ ወረደ ከተያዘ ከእናቱ እጅ አምልጦ መንገድ የገባ የአምስት ዓመት ልጅም «አጥፍቷል» ሊባልና ካሳው ሊቀነስ ነው። የንስሐ አባት ኃጢአት በማይቆጥርበት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ በፍርድ ቤት መዝገብ ጥፋት ሲቆጠርበት፣ ባለመኪናው ያለ ኃጢአት ባለዕዳ እንደሆነ ሁሉ ልጁም ያለ ኃጢአት ባለጥፋት ይሆናል፤ የመጀመሪያውን አምኖ የተቀበለ ሰው ሁለተኛውን በምን ምክንያት እንደሚክድ ማስረዳት አለበት። ምክንያቱ ምናልባት ባለመኪናው አደጋውን ከጥቅሙ ጋር አውቆ መንገድ ላይ ማውጣቱ፣ ልጁ ግን ቤቱ አስፋልት ዳር ላይ መሠራቱን እንኳ አለመምረጡ ነው።