እቴቴ «ሂዱ» አለች

እዚህ አገር ከገባን በኋላ ብዙ ዓመት ሳይገባኝ የቆየ ነገር ቢኖር የልጆች ጥዩል ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሳሉ በየዓመቱ ሦስት ሊትር ውሃና ኮፍያ ይዘው፣ ቦርሳ አዝለው ይሄዱና ማታ ፊታቸውን ፀሐይ መትቶት፣ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ ይመለሳሉ። «የት ደረሳችሁ?» ስላቸው «የትም፤ ማስሉል ማአጋሊ ነበር» ይሉኛል። ዞሮ ከተነሣበት የሚገጥም መንገድ ማለት ነው። እኔም ዝም እላለሁ እንጂ በልቤ «ከተነሡበት ለመድረስ ምን አስነሣቸው?» እላለሁ። በእኛ መንደር ሰው የሚሄደው ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ካልሆነም የጠፋ ከብት ፍለጋ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ላንመለስ ሄድን።

ላንመለስ የሄድንበትን መንገድ በየዓመቱ እንነግራችኋለን። አሁን የምጽፈው ግን ያልነገርኳችሁን ነው። ያስጻፈኝም አንድ የጥዩል መንገድ ነው፤ ያውም እዚህ ሳይሆን አውስትራሊያ።

ሴት ልጄና ባሏ ለሥራ ኬርንስ ሄደው ነበር፤ በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ባሕር ዳር ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንድ ማለዳ «አባባ፣ ደን እናሳይህ» ብለው በመኪና ወደ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወሰዱኝ። የዴንትሪ ወንዝ ላይ ስንደርስ ድልድይ የለም፤ መኪናውን በብረት ገመድ የምትሳብ ጀልባ አሻገረችው። ከዚያ ወዲያ ደን ብቻ ነው። ደኑ ወርዶ ወርዶ እስከ ባሕሩ አሸዋ ይደርሳል።

የቦታው ስም ኬፕ ትሪቡሌሽን ነው፤ የመከራ ርእሰ ምድር እንደ ማለት። ካፒቴን ጀምስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ በሰኔ 1770 በዚያ ባሕር ሲያልፍ መርከቡ ከኮራል ቋጥኝ ጋር ተጋጨችበትና፣ መከራችን የጀመረው እዚህ ነው ብሎ ያንን ስም አወጣለት። ሳቄ መጣ። የአገሩ ሰዎች ኩኩ ያላንጂዎች ቦታውን ኩልኪ ይሉታል፤ ቤታቸው ነው እኮ። በ2021 የብሔራዊ ፓርኩ መሬት ተመልሶላቸዋል፤ የኩክ ስም ግን እስከ ዛሬ ካርታው ላይ አለ። ይህን እኛ እናውቀዋለን፤ «ፈላሻ» ብለን ራሳችንን የጠራን እኛ አይደለንም።

የሄድንበት መንገድ ዱቡጂ ይባላል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥ። ከመሬት ከፍ ተደርጎ እንደ ድልድይ የተሠራ ስለሆነ ሽማግሌም ይችለዋል ብለው ነው ያመጡኝ። መጀመሪያ ደኑ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ክብ ሆኖ የተዘረጋ ዘንባባ ከላይ ሸፍኖን ብርሃኑ አረንጓዴ ሆነ። እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ ያለው ሐረግም አለ፤ ልብስ ይዞ ስለማይለቅ በእነሱ ቋንቋ «ትንሽ ቆይ» ይሉታል አለችኝ ልጄ። የእኛን ቀንጠፋ አስታወሰኝ።

ከዚያ መሬቱ ጭቃ ሆነ፣ አየሩም ጨው ጨው ሸተተኝ። ማንግሮቭ ውስጥ ገባን። ማንግሮቭ የባሕር ውሃ በሚመላለስበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። ጭቃው አየር ስለሌለው አንዳንዱ ሥሩን ወደ ላይ ያበቅላል፤ ከጭቃው ውስጥ ብዙ ጣት የወጣ ነው የሚመስለው። ሌላው እንደ ረጅም እግር በሥሩ ቆሟል። ከዓይነቶቹ አንዱ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያወጣዋል፤ ይኸው ዓይነት በቀይ ባሕር ዳርም ይበቅላል። ደግሞ ፍሬው ገና እናቱ ላይ እንዳለ የሚያበቅል አለ። ሲወድቅ ውሃው ይወስደውና ባረፈበት ሥር ይሰዳል።

«አባባ፣ እናንተን አይመስልም?» አለችኝ ልጄ።

ዝም አልኩ። ነገሩ ያምራል፣ እናንተም በየመድረኩ ብትናገሩት ይጨበጨብላችኋል። ግን አልወደድኩትም። ፍሬው ሲወድቅ ማንንም ትቶ አልሄደም። «ማንን ልሸከም?» ብሎ አልመረጠም።

መንገዱን ግማሽ ያህል እንደ ሄድን ጉልበቴ ያዘኝና አረፍ አልኩ። ልጄ ልትመልሰኝ ፈለገች። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ግን «ሳባ፣ ማስሉል ማአጋሊ እኮ ነው! በፊትህ ሄደን ከጀርባህ እንመጣለን» አለ። ልጄ «ብቻህን?» አለችኝ። «ሂዱ፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኩ።

ሄዱ። ኮቴያቸው መተላለፊያው ላይ ኳ ኳ እያለ ራቀ። መታጠፊያው ላይ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ በእጄ «ሂዱ» አልኳት። ከዚያ ከጭቃው ውስጥ ከሚንቀሳቀሱት ሸርጣኖች በቀር ድምፅ የለም። ልጁ እንዲያይ በሙሉ ልቤ ነው የሰደድኳቸው። ጆሮዬ ግን ተከትሏቸው ሄደ።

ያን ጊዜ እቴቴ መጣችብኝ።

እቴቴ የአባቴ እኅት ናት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። በግንቦት 1976፣ እዚህ አቆጣጠር በ1984፣ ከወገራ ተነሥተን በአርማጭሆ ቆላ ወደ ሱዳን ስንወርድ ከእኛ ጋር ነበረች። ቀን ተደብቀን ሌሊት ነው የምንሄደው። ከጊዜ በኋላ እግሯ አበጠ። አንድ ሌሊት ግራር ሥር ቁጭ አለች። መሪው ሳይነጋ ወንዙን ካልተሻገርን ሁላችንም እንያዛለን አለ። እኔ የሦስት ዓመት ልጄን ትከሻዬ ላይ ይዤ ነበር። እቴቴ «ሂዱ። እደርስባችኋለሁ» አለች። እንደማትደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ውሃ በቅል፣ ጋቢዋንም ትተንላት ሄድን። ኡም ራኩባ ከደረስን በኋላ ከኋላችን የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ። ያያት የለም። በዚያ መንገድና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን አልቋል፤ እቴቴ ከእነሱ አንዷ ናት። የሞተችበትን ቀን አላውቅም።

ዘመድ ሁሉ ያጽናናኝ በአንድ ነገር ነው፤ «ራሷ ፈቅዳ»። አርባ ዓመት ይህችን ቃል ይዤ ኖርኩ።

ልጄ ተማሪ ሳለች ከተልሙድ አንድ ነገር አነበበችልኝ፤ እኛ አገራችን ኦሪት እንጂ ተልሙድ አልነበረንም። ሁለት ሰዎች በምድረ በዳ ይሄዳሉ፣ ውሃ ያለው አንዱ ጋ ብቻ ነው። ቢካፈሉ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አንዱ ቢጠጣ ሰው ካለበት ይደርሳል። ቤን ፔቱራ የሚባለው፣ አንዱ የጓደኛውን ሞት ከሚያይ ሁለቱም ጠጥተው ይሙቱ አለ። ራቢ አኪቫ ግን የራስህ ሕይወት ይቀድማል ብሎ አስተማረ። ስሰማ ልቤ አረፈ። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ውሃ የሌለው ሰውዬ በዚያ ነገር ውስጥ አንዲት ቃል አይናገርም። «ጠጣ» ቢል ኖሮስ ፍርዱ ይቀል ነበር? ወይስ ይከብድ? እኔ ደግሞ ውሃውን ሰጥቻታለሁ። የነሣኋት ትከሻዬን ነው።

እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ቢል መጀመሪያ የተናገረውን ማን ያምነዋል? «በሞቴ» እንለዋለን። «በሞቴ፣ ይችን ብቻ»። እምቢ ካለ እንደገና «በሞቴ»። ይሉኝታ ያለበት ሰው እውነቱ የሚታወቀው ሲለመን ነው። እኔ ለአንዲት ጉርሻ ስንት ጊዜ «በሞቴ» ያልኩ ሰው፣ ያን ሌሊት እቴቴን አንድ ጊዜ «በሞቴ ተነሺ» አላልኳትም። ያልነገርኳችሁ ይህ ነው። የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ብላት ትነሣ ነበር፤ የፈራሁት እሱን ነው። ተነሥታ እያዘገመች ትከተለን ነበር፣ እኛም ሳንሻገር ይነጋብን ነበር፣ ልጁን እንጃ።

እዚያ ማንግሮቭ መሃል ቁጭ ብዬ ግን አንድ ነገር ተለየልኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት «እውነቷን ነው ወይስ ይሉኝታ ነው?» እያልኩ ነው። አንዱ ብቻ መሆን አለበት ብዬ። እኔ ራሴ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሂዱ ያልኩትም፣ ኮቴ የጠበቅሁትም እውነቴን ነው። እሷም እንደዚያ ብትሆንስ? ፈቃዷ እውነት ነበር፣ ጥበቃዋም እውነት ነበር ማለት ነው። ፈቃዷን ይዤ ጥበቃዋን ልሰርዝባት አልችልም። ደግሞ ዛሬ ያ ሌሊት ቢመለስ ልጁን አወርዳለሁ አልልም፤ ውሸት ይሆናል። «በሞቴ» ግን እላት ነበር መሰለኝ። አይ፣ እሱንም እንጃ።

ትከሻዬ ላይ የነበረው ልጅ ዛሬ ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል። ይህን ካነበብክ ልጄ፣ አንተ ተኝተህ ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምንም ዕዳ የለብህም።

ከጀርባዬ ኮቴ ሰማሁ። ልጁ እየሮጠ መጥቶ «ሳባ፣ አልኩህ አይደል!» አለ፤ ከዚያ እጄን ይዞ «ተነስ» አለኝ። አልተነሣሁም። «ተነስ!» አለ ደግሞ።

«በሞቴ በለኝ» አልኩት።

«ማ ዜ በሞቴ?» ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። እሷም በዕብራይስጥ፣ እኔ ልሙት እንደ ማለት ነው ብላ ነገረችው። ልጁ ደነገጠ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና «ማንም አይሞትም፣ ተነስ ብቻ» አለኝ።

ተነሣሁ። የቀረችውን መንገድ በእኔ እርምጃ ሄድናት፤ እነሱ ብቻቸውን ሙሉውን ከዞሩበት የበለጠ ጊዜ ፈጀችብን።