ሕመም የማይሰማው እግር



ባለፈው የልደት ሌሊት፣ ለበዓል ወደ ላሊበላ መጥተን፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ዓለት ላይ «ቤዛ ኵሉ» እስኪጀመር እንጠብቅ ነበር። ብርዱ ስለ በረታብን እግራችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ደነዘዘ፤ ስንነሣም ወረረን። የሰውነትን አሠራር የምንማር ነንና ምክንያቱን ለጓደኞቻችን በኩራት ማስረዳት ጀመርን።

ከኅብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ሕዝባችን ጅማትንም ነርቭንም «ሥር» ይላል፤ ነገር ግን ጅማት ሥጋን ከአጥንት ያያይዛል፣ ነርቭ መልእክት ያመላልሳል። ከሁሉም የሚወፍረው ሳያቲክ የተባለው ሲሆን ውፍረቱ የጣት ያህል ነው። ከታችኛው ወገብ ተነሥቶ በጭን ጀርባ ይወርድና ከጉልበት በላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በጉልበት ውጭ በኩል ከቆዳ ሥር ተጠምጥሞ ያልፋል፤ እግራችንን ስናጣጥፍ የተጫንነው እርሱን ነው። ሁለተኛው በባት ውስጥ ወርዶ፣ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ ዞሮ ወደ ውስጥ እግር ይገባል። እሾኽ ሲወጋን የሚነግረን እርሱ ነው።

ሲነጋ፣ በበሩ አጠገብ ከተቀመጡት ነድያን የአንዱ አባት እግር ሲደማ አየን።

«አባባ፣ እግርዎ እየደማ ነው» አልናቸው።

«የትኛው ነው ልጆቼ?» ሲሉ ጠየቁን።

የበረባሷቸው ሚስማር ገብቶ ነበር። ጣቶቻቸውን አይተን ሥጋ ደዌ መሆኑን ስናውቅ ግን፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ነርቭ ያወራን እኛ ፈቀቅ አልን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከሩቅ የቆሙት ዐሥሩ ለምጻሞች ናቸው፤ በዚያ ጠዋት ከሩቅ የቆምነው እኛ ነበርን።

የዚህን ደዌ ጀርም የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን በ1873 (እ.ኤ.አ.) አገኘው። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚስማማው ከቆዳ ሥር የሚያልፉትን ነርቮች በክርን፣ በጉልበት ጎን፣ በቁርጭምጭሚት ያጠቃል። ጣትን የሚያሳጣው እርግማን አይደለም፤ ሳይሰማ የቀረ ቁስልና ቃጠሎ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ የጀመረውም ሰው ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ ሕክምናና ትምህርት ነበር። ሞቶ የቆየ ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 አንዱ ብልት ሲታመም ሌሎቹም አብረው እንደሚታመሙ ያስተምራል። የእኚያ አባት እግር እንዳይሰማ ያደረገው ደዌ ነው፤ እኛንስ ምን አደነዘዘን?

ማታ ማታ ውስጥ እግራቸውን አይቶ ቁስል መኖሩን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ብቻቸውን ናቸው። ከጓደኞቻችን ሁለቱ ጀምረዋል፤ ሳፋ፣ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ከሠርክ ጸሎት በኋላ ይሄዳሉ።